ሃምሳ ሰባት ደቂቃ

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ብየዳ በተማርንበት ቀን፣ መምህሩ ማስረዳት ሳይጀምሩ የእኔ ልብ ሌላ ቦታ ሄደ። የጋለው ብረት ጫፍ የእርሳሱን ሽቦ ሲነካ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። ሽታው የጥድ ሙጫና የተቃጠለ አቧራ አንድ ላይ ነው። ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ጠጋ ብዬ ሳብኩት። መምህሩ አይተውኝ፣ «አንቺ፣ ሽቶ አይደለም እኮ» አሉና ክፍሉ ሳቀብኝ። አፈርኩ። ግን ያን ሰዓት እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል ካለው በር ፊት ዳቦና ወተት ይዤ ቆሜ ነበር።

የበሩ ባለቤት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጥምቀት ማግስት እስከ ግንቦት ልደታ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እሳቸው ዘንድ እወጣ ነበር። እኛ የምንኖረው ግራውንድ ነው። እናቴ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለምትሠራ አምሽታ ትገባለች፤ የእኔ ሥራ ከሱቅ ሁለት ዳቦና አንድ ወተት ገዝቼ ለጋሽ ታፈሰ ማድረስ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። እናቴ፣ «ሽማግሌ ሰው በሩ ሲንኳኳለት ደስ ይለዋል፤ ዳቦው ሰበብ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ቁም ነገሩ ዳቦው ስለመሰለኝ፣ እንዳይቀዘቅዝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እሮጥ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሄሊኮፕተር ጠጋኝ ነበሩ። አንበጣ በመጣ ቁጥር መድኃኒት ለመርጨት የሚነሡትን ሄሊኮፕተሮች ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ይህን መጀመሪያ አላወቅሁም። መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር አየሁ። ክንዴን የሚያህል፣ ሆዱ የተከፈተ፣ ሽቦው የተዘረገፈ ትንሽ ሄሊኮፕተር። የቀድሞ ባልደረባቸው ልጅ ከውጭ ያመጣው፣ በሪሞት የሚበርና ወድቆ የተሰበረ ዕቃ ነበር። ደኅና የተረፈው ሞተሩና መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። ሌላውን እንደ አዲስ ሊሠሩት፣ ረጅም ጊዜ እንዲበርም ሊያደርጉት እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ረጅም ጊዜ ከበረ ሩቅ ይሄዳል ብዬ፣ አክስቴ ያለችበት ደብረ ብርሃን ይደርስ እንደሆነ በልቤ አሰላሁ።

«የት ድረስ ይሄዳል?» አልኳቸው።

«የትም አይሄድም። ባለበት ይቆማል።»

«ቆሞ ምን ያደርጋል?»

«ይቆያል» አሉ፤ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የሌለ ይመስል።

ቆይተው ምክንያቱን አስረዱኝ። ሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን ሁሉ ያዩት አንድ ነገር ነው፤ አንበጣው ሳያልቅ ነዳጁ ያልቃል፣ ሄሊኮፕተሩ ይመለሳል፣ ገበሬው ሰማዩን እያየ ይቀራል። እሳቸውም ነዳጅ እየሞሉ፣ ይህ ነገር ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት እያሉ ያስቡ ነበር። ለትልቁ ሄሊኮፕተር ንድፍህን አምጣ ያላቸው ሰው አልነበረም። አሁን ግን ትንሹ የራሳቸው ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አየር ላይ የሚቆም ሄሊኮፕተር ሊሠሩ ፈለጉ። ሳይሰበር በፊት የሚቆየው ዘጠኝ ደቂቃ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ሰጡኝ። አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥተው በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመሩ፤ ቀን፣ ክብደት፣ የቆየበት ደቂቃ፣ ከወረደ በኋላ የባትሪው ቮልት፣ የወረደበት ምክንያት። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ጸሐፊዬ» ይሉኝ ጀመር። የጽሕፈት ደንቡ አንድ ብቻ ነበር። «ያላወቅሽውን አትሙይ» አሉኝ። «ባዶ ቦታ ውሸት አይናገርም። የገመትሽው ግን ይናገራል።»

ትምህርታችን ባብዛኛው ደረጃ ላይ ነበር። ይህን ልዩ ፀባያቸው አድርጌ ነበር የያዝኩት። ዕቃ ፍለጋ ወጥተን ስንመለስ፣ ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ሲደርሱ ይቆሙና ቁልፋቸውን በኪሶቻቸው ሁሉ ይፈልጋሉ። ቤታቸው ገና ሁለት ፎቅ ይቀረዋል። ቁልፉ ሁልጊዜ የሚገኘው በደረት ኪሳቸው ውስጥ ስለሆነ፣ የዘነጉ መስሎኝ አንድ ቀን ከታች ጀምሬ «ጋሼ፣ ደረት ኪስዎ ውስጥ ነው» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፤ ግን መፈለጋቸውን አልተዉም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የብረት መደገፊያውን ይዘው በክፍቱ ወደ ውጭ እያዩ ያስተምሩኛል።

ስለ ክንፉ የተማርኩት እዚያ ነው። ከሰንጋ ተራ በኩል አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ ይዞር ነበር፤ ከእኛ ፊት ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ደግሞ ድንቢጦች ይንጫጫሉ።

«ድንቢጧን እያት» አሉኝ። «ክንፏ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። ያ ግን ሰፊ ክንፍ አለው፤ ብዙ አየር በቀስታ ይገፋል። ጥቂት አየር በጥድፊያ ከመግፋት ብዙ አየር በቀስታ መግፋት ይረክሳል።» ትንሽ ተንፍሰው ጨመሩ። «የእኛ ከተማ ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። እዚህ የሚቸኩል ቶሎ ይደክማል።»

እኔ ስስ አየር የሚለው አሳስቦኝ፣ ያን ቀን ማታ እየቆጠብኩ ተነፈስኩ።

የላዩን ክንፎች ከዋንዛ እንጨት ጠርበው ሠሩ። የድሮዎቹን ሁለት እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። እንጨቱን በተሰበረ መስታወት ስባሪ እየፋቁ፣ እንደ ወረቀት የሚነሣ ስስ ፍቅፋቂ ጉልበታቸው ላይ ይከመራል። ሁለቱ ክንፎች እኩል ካልመዘኑ ሄሊኮፕተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ አንዱን ፍቀው ይመዝናሉ፣ ሌላውን ፍቀው ይመዝናሉ። የሞተሩንም ጥርስ ለወጡና ክንፉ ዝግ ብሎ እንዲዞር አደረጉ። የጭራውን ዘንግ ጣሪያ ላይ ተጥሎ ከቀረ የቴሌቪዥን አንቴና ቧንቧ ቆርጠው ገጠሙ። አዲሱ ክንፍ ሲዞር የቀድሞው ጩኸት ጠፋ። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ባትሪውን ያገኘነው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። እዚያ በጠባቡ መንገድ ላይ ላፕቶፕ የሚጠግኑ ልጆች አሉ፤ የሞቱትን ባትሪዎች በካርቶን ያስቀምጣሉ። ጋሽ ታፈሰ የአንዱን ላፕቶፕ ባትሪ ፈልቅቀው አሳዩኝ። ውስጡ የጣቴን ያህል የሚረዝሙ ስድስት ድቡልቡል ባትሪዎች አሉ። «ሞተ ሲሉሽ ሁሉም ሞቷል ማለት አይደለም» አሉኝ። «አንዱ ሲደክም ሌሎቹንም ይዞ ይወድቃል።» ብዙውን ለክተን ደኅነኞቹን ስድስት መረጥን። እያንዳንዱ ሲሞላ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ይደርሳል፤ ሦስት ቮልት ወለሉ ነው። ከወለሉ በታች የወረደ ባትሪ ይበላሻል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ሪሞቱ ይጮኻል፣ ሄሊኮፕተሩን እናወርዳለን፣ ትንሽ ሲያርፍ እንለካዋለን፤ ሁልጊዜ ሦስት ነጥብ ሁለት አካባቢ ይነበባል። ያንን ቁጥር ሳላይ መጻፍ እስክችል ድረስ ለመድኩት።

እኔ አንድ ጥሩ ሐሳብ እንዳለኝ ያመንኩት በዚህ ጊዜ ነው። ስድስት ባትሪ ይህን ያህል ካቆየ፣ ዐሥራ ሁለት ባትሪ እጥፍ ያቆያላ። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁብኝም። ዐሥራ ሁለት አሰሩና ሞከርነው። እጥፍ ይቅርና ሩብ ያህል ብቻ ጨመረ፤ ሞተሩ ደግሞ እጅ የማያስነካ ሆኖ የመቃጠል ሽታው አስደነገጠን። «የወረደበት ምክንያት» በሚለው ዓምድ ውስጥ «ሞተር ጋለ» ብዬ ጻፍኩ።

«ባትሪ መጀመሪያ የሚሸከመው ራሱን ነው» አሉኝ። «የሚተርፈው ነው ለእኛ የሚሠራው። አሁን መጨመሩን እንተውና መቀነሱን እንሞክር።»

ከዚያ በኋላ መዝነን ያልጻፍነው ነገር አልነበረም። የወርቅ ሠሪ የምትመስል ሚዛናቸው ላይ እያንዳንዱን ብሎን አስቀመጥን። የረዘመውን ብሎን አሳጠሩ፣ ቀለሙን ፋቁ፣ የማረፊያ እግሮቹን በቀጭን ቀርከሃ ተኩ። እኔ ስለ ውበቱ አሳስቦኝ ከደብተሬ ሽፋን አንዲት የአበባ ስቲከር ልጬ ይዤ መጣሁ። ሚዛኑ ላይ አኖሯት።

«ሁለት ግራም» አሉ። «አንድ ግራም ስድስት ሰከንድ ትበላለች። አበባሽ ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ልትበላ ነው። ምን ትያለሽ ጸሐፊዬ?»

«ትቅር» አልኩ፤ ስቲከሯን ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ።

አንድ እሑድ ልጃቸው እትዬ ሰብለ መጣች። ነርስ ናት፤ ገርጂ ነው የምትኖረው። እንደ አጋጣሚ በዚያ ቀን ጠዋት አንድ ያረጀ ባትሪ ሲሞላ አብጦ፣ ጋሽ ታፈሰ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ጥለውት ተቃጥሎ ነበር። ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዷል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ወተቱን ሳፈላ ንግግራቸውን ሰማሁ።

«አባዬ፣ ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«አሸዋ ውስጥ ነው የተቃጠለው። አሸዋው ለዚያ ነው የተቀመጠው።»

«እሺ አሸዋውስ ይሁን። ብቻህን እዚህ ሰማይ ጥግ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ማን ያውቃል? ገርጂ ክፍልህ ተዘጋጅቷል። ደረጃ የለውም። በሩን ስትከፍት ግቢ ነው።»

ብዙ ተነጋገሩ። እሷ አለቀሰች፣ እሳቸው ተቆጡ። በመጨረሻ የተስማሙትን እኔ ፊት ተናገሩት።

«ለግንቦት ልደታ፣ ጎረቤት ፊት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ከቆየ እዚሁ እቀራለሁ፤ ሁለተኛ አትጠይቂኝም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ካልቆየ በማግስቱ ዕቃዬን ትጭኛለሽ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። ጸሐፊዬ ምስክር ናት።»

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሰብለን ጠላኋት። ብስኩት ስትሰጠኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀብዬ ለሱቁ ልጅ እሰጠዋለሁ። ሄሊኮፕተሩን የምትቀናበት መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ከሄዱ የእኔ ደብተር፣ ሚዛኑ፣ ሽታው፣ «ጸሐፊዬ» የሚለው ስም ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሙከራውን የምናደርገው በግቢያችን ባለው የጋራ ቤት ውስጥ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ለድግስና ለዕርድ ካልሆነ ባዶ ይውላል። መስኮቱን ዘግተን፣ ንፋስ ሳይነካው፣ ጋሽ ታፈሰ ሄሊኮፕተሩን ከራሳቸው በላይ ያቆሙታል፤ እኔ በስልካቸው ሰዓት እይዛለሁ። በመጋቢት ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ አርባ ስድስት። ከልደታ ሳምንት በፊት ሃምሳ አራት። ከዚያም ጋሽ ታፈሰ ክንፎቹን እንደገና ፍቀው፣ የሆዱን ሽፋን በስሱ ላስቲክ ቀይረው፣ በቂ እንደሆነ ወሰኑ። በወረቀት አስልተው ስልሳ ሁለት ደቂቃ እንደሚሆን አሳዩኝ። እኔ ስሌቱን ባልረዳም ቁጥሩን አመንኩት።

በዚያው ሰሞን የደረጃው ትምህርት እየረዘመ ሄደ። አንደኛ ፎቅ ላይም አዲስ ትምህርት ተጨመረልኝ። አንዳንዴ ጥያቄዬን ጨርሼ እንኳ፣ «ሌላ ጠይቂኝ እስቲ» ይሉኛል። እኔ ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ ነው ብዬ ኮራሁ። ቤት ገብቼ ለነገ የሚሆን ጥያቄ አዘጋጅ ነበር።

የልደታ ዋዜማ ላይ እማማ ደብሪቱ መጡ። የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ከየቤቱ እህል አሰባስበው ንፍሮውን የሚያስቀቅሉት እሳቸው ናቸው። ሄሊኮፕተሩን ዞር ብለው ካዩት በኋላ፣ «ታፈሰ፣ ይኼ ልጅህ ክርስትና ሳይነሣ ነው እንዴ ሊበር?» አሉ። ጋሽ ታፈሰ ሳቁ፣ እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ ትክክል መሰለኝ። ሁሉን ነገር መዝነናል፣ ሁሉን ነገር ለክተናል፤ ይህን ግን ማንም አላሰበበትም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ታፈሰ ኮታቸውን ሊለብሱ ጓዳ ሲገቡ፣ የአንገቴን ማተብ ፈታሁ። ጥቁር ክር ነው፤ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለችው። የሄሊኮፕተሩን ሆድ ከፍቼ ባትሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩትና ሽፋኑን መለስኩ። እናቴ እንዳታውቅብኝ የሹራቤን አንገትጌ እስከ አገጬ ዘጋሁ። ከዚያ እማማ ደብሪቱ አግዳሚ ወንበር ተሸከሚ ብለው ስለጠሩኝ ወረድኩ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ንፍሮው በሦስት ድስት ይንተከተካል፤ ባቄላ፣ ስንዴና ሽምብራ። እማማ ደብሪቱ እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን እፍኝ በአራቱም ማዕዘን በተኑ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያም ሰው ወደ ጋራ ቤቱ ገባ። እትዬ ሰብለ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጋሽ ታፈሰ ሪሞቱን አንሥተው ወደ እኔ አዩ። ሰዓቱን አስነሣሁ። ሄሊኮፕተሩ ቀስ ብሎ ተነሣና ከራሳችን በላይ ቆመ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ይዞር፣ ይገለበጥ፣ ወደ በሩ ይሄድ ብለው ጠበቁ። ሄሊኮፕተሩ ግን አየር ላይ እንደተሰቀለ ፋኖስ ባለበት ቆየ። «ይኼው ነው?» አለ አንድ ጎረቤት። እማማ ደብሪቱ፣ «ባለበት መቆምስ የኛም ኮሚቴ ያውቅበታል» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም ራሱ ሳቀ። በዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ ንፍሮው ስለደረሰ ብዙው ሰው ወጣ። እኔ፣ ጋሽ ታፈሰና እትዬ ሰብለ ቀረን። እማማ ደብሪቱ በየመሐሉ ብቅ እያሉ፣ «አልወረደም?» ይሉና ጭብጥ ንፍሮ አፌ ላይ ያደርጉልኛል።

አርባ ደቂቃ ሲሞላ ወሬው ደረሰና ሰው ተመልሶ ገባ። ሃምሳ ሲል የክንፉ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሃምሳ አራትን አለፍን። እኔ ሰዓቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ አገጬን ሹራቤ ውስጥ ቀብሬ፣ ባትሪው ላይ የተጠመጠመውን ክር አስብ ነበር። ስንት ይመዝናል? አልመዘንኩትም። ያልመዘንኩት ብቸኛ ነገር እሱ ነው። በሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸውን ከሄሊኮፕተሩ አንሥተው ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄሊኮፕተሩን ታየው ነበር። አፏ ይንቀሳቀሳል። እንዲወድቅ እየጸለየች መሰለኝ።

ከዚያ ሄሊኮፕተሩ መውረድ ጀመረ። አልወደቀም፣ አልተንገዳገደም። እንደ ላባ ወርዶ በቀርከሃ እግሮቹ ቆመ። ሃምሳ ሰባት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ።

እትዬ ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ስላሸነፈች ነው ብዬ የባሰ ጠላኋት። ጋሽ ታፈሰ እንደ ወትሮው ትንሽ አሳርፈው ባትሪውን ለኩና ቁጥሩን በጆሮዬ ነገሩኝ። እንባዬ ደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ጻፍኩ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ማተብ ብዬ ልጽፍ?

«ምክንያቱን ምን ልበል ጋሼ?»

«ባዶ ተዪው» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ማተቡን ገና አላወቁብኝም፣ ሲያውቁስ ብዬ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ወደ ንፍሮው ሲወጣ ማተቡን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ወደ ቤታቸው ስንወጣ ጋሽ ታፈሰ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሙ፣ ሁለተኛ ላይ ቆሙ፣ ሦስተኛ ላይ ቆሙ። ቁልፍ አልፈለጉም፣ ስለ ወፍም አላስተማሩኝም። ዝም ብለው ቆሙ። እኔም ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ዕቃቸው ተጫነ። ጠረጴዛውን አራት ጎረምሶች ይዘው ሲወርዱ፣ ጋሽ ታፈሰ ደብተሩን እጄ ላይ አኖሩ። «ይኼ የጸሐፊ ነው» አሉኝ። ደብተሩን አልጋዬ ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ፣ ከታች፣ ከድሮ መጻሕፍቴ በታች ቀበርኩት። በበዓል በበዓሉ ከእናቴ ጋር ገርጂ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ለሰፈሩ ልጆች የተሰበረ መጫወቻ እየጠገኑ አገኛቸዋለሁ። ስለዚያ ቀን ግን እኔም አላነሣሁ፣ እሳቸውም አላነሡ። ሦስት ደቂቃ የጎደለው በእኔ ክር ምክንያት እንደሆነ ግን ለአንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።

የብየዳው ትምህርት ባለቀ በሳምንቱ ለእረፍት ቤት ስገባ ሻንጣውን ጎተትኩት። ደብተሩን ይዤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ፣ የብረቱን መደገፊያ ተደግፌ ገለጥኩት።

ከዚያን ቀን ገጽ ጀርባ፣ በእኔ ክብ ክብ ጽሕፈት የመጨረሻው የክብደት ዝርዝር አለ፤ ክንፍ፣ ሞተር፣ ባትሪ፣ እግር። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በጋሽ ታፈሰ ዘንበል ያለ ጽሕፈት፣ አንድ መስመር ተጨምሯል።

«ማተብ፣ አንድ ግራም። ይኑር።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ አግዳሚ ወንበር ስሸከም እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ መዝነውት ነበር። አውቀውታል፣ ጽፈውታል፣ ይዘውት በርረዋል። ለአበባ ስቲከር ያልሰጡትን ሰከንድ ለእኔ ክር ሰጥተዋል። አንድ ግራም ስድስት ሰከንድ ትበላለች። ስድስት ሰከንድ ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ገጹን ገልብጬ ጣቴን ወደ ቮልቱ ዓምድ ወሰድኩ። በየሙከራው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ አንድ፣ ሦስት ነጥብ ሁለት። በግንቦት ልደታ ቀን ላይ፣ እንባ ያደበዘዘው ግን የሚነበብ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ፣ ሦስት ነጥብ አራት። ደግሜ አየሁት። በዚያ ቀን ሪሞቱ አልጮኸም ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ባትሪው ገና ቢያንስ አምስት ደቂቃ ነበረው። ሄሊኮፕተሩ አልደከመም። ያወረዱት እሳቸው ናቸው።

የብረቱ መደገፊያ ከመዳፌ ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ልክ እሳቸው የሚይዙበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይፈለግ የነበረውን ቁልፍ አሰብኩ፤ «ሌላ ጠይቂኝ እስቲ» የሚሉኝን አሰብኩ። ከእኔ ጥያቄ ይልቅ የሚፈልጉት፣ እኔ ስጠይቅ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ የሚያልፈውን ጊዜ ነበር። እትዬ ሰብለ በባዶ እግሯ ቆማ የጸለየችውንም አሰብኩ፤ ምን ብላ እንደጸለየች አላውቅም፤ ያላወቅሁትን አልሞላም።

አንዱን ባዶ ቦታ ግን አሁን አውቀዋለሁ። እስክሪብቶ አወጣሁና፣ የወረደበት ምክንያት በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ከሃምሳ ሰባት ደቂቃው ጎን፣ በጥንቃቄ ጻፍኩ።

«ደረጃ።»